ክዋይቶና አማፒያኖ፦ ፖለቲካው ግጥሙ ላይ ነው ወይስ ሌሊቱ ላይ?

የፍርግርጉ_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቤት ስለ አማፒያኖ (በኮምፒውተር ስለሚሠራው የደቡብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ) ሲወራ አንድ ወንድማችን «ባዶ ጩኸት ነው፣ ቅኔ የሌለው ዘፈን ዘፈን አይባልም» ብሎ ጽፎ ነበር። ያን ዕለት ልመልስ ስል ደንበኛ በዛብኝና ተውኩት። ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ። ዛሬ ሱቁን ዘግቻለሁ፣ ስልኬም ቻርጅ አለው፤ እንደ ልቤ ልጻፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ያለሁት ካትሌሆንግ ነው፤ ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር። ስፓዛ (የሰፈር ሱቅ) ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እዚህ አገር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሽያጩ በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። ደንበኛ ሲመጣ በሳንቲም ብረቱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ እኔ ከውስጥ ብቅ እላለሁ። ከሱቄ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ መጠጥ ቤት አለ። ዓርብ ማታ ሙዚቃው ሲከፈት ከጆሮዬ በፊት የሚሰማው ባንኮኒው ላይ ያለው ሳንቲም ነው። ቤዙ በመታ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ እያለ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፣ ካላነሣሁት ይወድቃል። ይህን የሚያደርገው «ሎግ ድረም» የሚሉት ነው፤ ከበሮውም ቤዙም በአንድ ድምፅ።

የመጀመሪያው ዓመት በጣም ያናድደኝ ነበር። አንድ ዓርብ ጎረቤቴ ጎጎ (በዙሉ አያት ማለት ነው፣ እዚህ ትልልቅ እናቶችን ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራው) ዳቦ ሊገዙ መጡና «በዚህ ጩኸት እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አልኳቸው። ስለ ሙዚቃው ምንም አላሉኝም። የነገሩኝ ስለ ባለቤታቸው ነው። በወጣትነታቸው ከተማ ውስጥ ነጭ ቤት ያገለግሉ ነበር። አንድ ምሽት ሥራ አምሽተው ሲወጡ፣ አሠሪያቸው የሚፈርምላቸው የሌሊት ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ አልነበረም። ፖሊስ ያዛቸው። ጎጎ የት እንደገቡ እስኪያውቁ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። የሰረቁት ነገር የለም፣ የተጣሉት ሰው የለም። ሰዓቱ መሽቶ መንገድ ላይ ተገኙ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። «ዶምፓስ» የሚሉትን ደብተር ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ ይዞ መዞር ነበረበት። የት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያድር፣ ከተማው ውስጥ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። በ1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ 69 ሰው የገደለው ይህንኑ ደብተር እምቢ ያሉ ሰዎች ላይ ተኩሶ ነው። ሕጉ እስከ 1986 ቆየ። እሱ ሲነሣ ደግሞ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ሰው ተሰብስቦ መታየት ስለማይችል የፖለቲካ ስብሰባው ቀብር ላይ ሆነ። ከ1990 እስከ 1994 እዚሁ ካትሌሆንግና ጎረቤቷ ቶኮዛ ውስጥ የሁለት ተቀናቃኝ ድርጅቶች፣ የኢንካታና የማንዴላው ኤኤንሲ፣ ደጋፊዎች በጥይት ተጨራረሱ። የሞቱት ሰዎች ስም ቶኮዛ፣ ኩማሎ ጎዳና ላይ ተቀርጿል። ዕቃ ላመጣ ስሄድ በዚያ ነው የማልፈው።

ከአማፒያኖ በፊት የነበረው የሎኬሽኑ የጭፈራ ሙዚቃ፣ ክዋይቶ፣ የተወለደው በነዚያው ዓመታት ነው፤ ማንዴላ በ1990 ከተፈታበት እስከ 1994ቱ ምርጫና ከዚያም ወዲህ። ወጣቶቹ መንገዱን በመኪና ይዘጋሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ስፒከር ይደረድራሉ፣ እስኪነጋ ይጨፍራሉ። «ስትሪት ባሽ» ይሉታል። ግጥሙ አንዳንዴ አራት ቃል ነው። ግን አስቡት፦ የጎጎ ባል የታሰሩበት ሰዓት ላይ የልጅ ልጆቻቸው መንገዱን ሞልተው ቆመዋል፣ ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም። ፖለቲካውን የምንፈልግ ከሆነ እዚያ ሰዓት ላይ ነው ያለው እላለሁ። ግጥሙን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው አያገኘውም።

ሰምና_ወርቅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡25

ወንድሜ፣ ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ጎጎ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

የዚያ አገር ትግል ቃል የነበረው ሙዚቃ አለው። ማርያም ማኬባ በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርባ ስለ አፓርታይድ ስትመሰክር ዘፈኖቿን አገሯ ውስጥ ከለከሉባት፤ ፓስፖርቷን ቀድመው ሰርዘውታል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መጥታ ዘፍናለች፣ አባቴ ሲያወራው ነው ያደግሁት። ያስፈራቸው የምትለው ነገር ነበር።

በኪቦርድና በማሽን የሚሠራውም ቢሆን ቃል ነበረው። በ80ዎቹ መጨረሻ ቺኮ ትዋላ «ማኔሎ ናፈቅኸን» ብሎ ዘፈነ። ሳንሱሩ ማኔሎ የሚባል ሰው መሰለው። የሎኬሽኑ ሰው ሁሉ ግን ማንዴላን እንደሚል ገብቶታል። ይኸው ሰምና ወርቅ! በደርግ ጊዜ የኛ ዘፋኞች ያደረጉት እኮ ይህንኑ ነው። ብሬንዳ ፋሲም በ1990 ስለ ማንዴላ በግልጽ ዘፍናለች።

ከዚያ ነፃነት ሲመጣ ምን ሆነ? የክዋይቶ ልጆች ስለ መኪና፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሴት ዳሌ መዝፈን ጀመሩ። እስር ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ያን ሲሰሙ አልከፋቸውም ትላለህ? ሌሊቱን ማስመለስ ትልቅ ነገር ነው፣ እቀበላለሁ። ግን በተመለሰው ሌሊት ምን ተባለበት ብዬ መጠየቅ መብቴ ነው።

ዲጄ_ናቲ_ሐዋሳ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡02

የሁለታችሁም ነጥብ ገብቶኛል። እኔ ስለ ድምፁ ልጨምር፣ ሥራዬ ስለሆነ።

የክዋይቶ እናት ሐውስ የሚባለው የክለብ ሙዚቃ ነው። ሐውስ ደግሞ የመጣው ከቺካጎ ነው፤ በ70ዎቹ መጨረሻ ዌርሐውስ በሚባለው ክለብ ፍራንኪ ናክልስ ሸክላ ያጫውት ነበር። ሌላ ቦታ በሰላም መጨፈር የማይችሉ ጥቁሮች፣ ላቲኖዎችና ግብረ ሰዶማውያን የሚሰበሰቡበት ቤት ነው። እዚያው ከተማ በሐምሌ 1979 ቤዝቦል ሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ የዲስኮ ሸክላ በፈንጂ አጋይቷል። ስለዚህ ሙዚቃው ጆሃንስበርግ ሳይደርስም «እናንተ እዚህ አትፈለጉም» የተባሉ ሰዎች ሙዚቃ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ ስሙ ራሱ «ኢንተርናሽናል» ነበር፣ ከውጭ የመጣ ለማለት።

አሁን ዋናው። ሐውስ በደቂቃ 125 ምት አካባቢ ይሄዳል። የሎኬሽኑ ዲጄዎች ያደረጉት ሸክላ ማጫወቻውን ማዘግየት ነው። የተለመደው ማጫወቻ ጎን ላይ የሚንሸራተት መቆጣጠሪያ አለ፣ እስከ ስምንት በመቶ ይቀንሳል። 125ቱ 115 ይሆናል። በደቂቃ ለ45 ዙር የተቀዳውን በ33 ካጫወትከው ደግሞ 92 አካባቢ ይወርዳል፣ ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት እስከማይለይ ድምፁ ይወፍራል። ክዋይቶ በሁለቱ መካከል ነው ቤቱን የሠራው።

ይህን በራሳችሁ ሞክሩት። በ125 እግር ከመሬት ይነሣል፣ ትዘላላችሁ። በ105 ግን እግር መሬት ይረግጣል፣ ትከሻ ይገባበታል፣ ጉልበት ይታጠፋል። መራመድ ነው። የደቡብ አፍሪካን ሰልፍ በቪዲዮ ያየ ሰው ቶዪ-ቶዪን ያውቃል፤ ከነፃነት ተዋጊዎች ካምፕ የመጣው፣ ጉልበት ከፍ እያደረጉ፣ አንዱ እየጮኸ ሌላው እየተቀበለ የሚረገጠው። የክዋይቶ ዘፋኝ አንድ ቃል ይጥላል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። ግጥሙ አጭር የሆነው ስንፍና አይመስለኝም፤ ተቀባይ የሚበዛበት ዘፈን አውጪው ረጅም አይናገርም። ሆያ ሆዬን አስቡት።

ሌላው ባንድ አያስፈልግም። አንድ ሳምፕለር፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክ። ካሴቱን ከመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ እያወጡ ነው የሚሸጡት። ለባንድ መሣሪያ መግዣ ብድር የሚሰጠው የሌለው ልጅ በዚህ ነው የገባው።

ጋሽ_ማሞ_ዲሲ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆቼ፣ ስታወሩ አምሽታችሁ ዛሬ ጠዋት አነበብኳችሁ። የሌሊቱ ነገር ለኔ እንግዳ አይደለም።

በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር። ጥይቱን የምታውቁት ከወላጆቻችሁ ነው፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። ሆቴል የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ መውጫ የለውም፤ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ጠረጴዛ ላይ ተደግፈን እየተኛን፣ ደግሞ ተነሥተን እየጨፈርን ንጋትን እንጠብቅ ነበር። ጠዋት ወጥተን ፀሐይ ዓይናችንን ስትመታን መንገድ ላይ የሚታየውን ሳናይ ለማለፍ ቀና አንልም ነበር። ስለዚህ ያ ልጅ «ፖለቲካው ሰዓቱ ላይ ነው» ሲል እኔ ይገባኛል።

ከዋልያስ ባንድ ጋር ኪቦርድ ይጫወት የነበረው ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ለሥራ ወደዚህ መጥቶ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ባንዱ ስላልነበረ ማሽኑ ባንድ ሆነለት። ከዚያ ለብዙ ዓመት እዚህ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ያን ካሴት ፈረንጆች አግኝተው በ2013 እንደገና ሲያወጡት ወጣቶቹ «ኤሌክትሮኒክ» አሉት። ቃል የለበትም፣ የድሮ ዜማዎች ናቸው። ስሰማው ግን አንድ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲኖር የሚሰማው ሁሉ አለበት። ሰምና ወርቅ ልጄ፣ ይህን ምን ትለዋለህ?

የፍርግርጉ_ልጅ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡45

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን ከእርስዎ በመስማቴ ደስ ብሎኛል።

ሰምና ወርቅ፣ ለጥያቄህ ሁለት ነገር ልበል፤ ቃል የለም ማለትህም ሙሉ በሙሉ ልክ አይመስለኝም።

በ1995 አርተር ማፎካቴ «ካፊር» የሚል ዘፈን አወጣ። ዓረብ አገር የኖራችሁ ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ ከሃዲ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነጮች ጥቁሩን የሚሰድቡበት ቃል ሆኖ ነው የኖረው፤ እርሻ ላይ፣ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ዘፈኑ ላይ አርተር አሠሪውን «ባስ» (ጌታዬ) እያለ እየጠራ በዚያ ስም አትጥራኝ ይለዋል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው፣ እየተደጋገመ። ይህ የሆነው ከመጀመሪያው ምርጫ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ተቀይሯል፣ አሠሪው ግን አልተቀየረም። አንድ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ሊለው የማይደፍረውን ቅዳሜ ማታ ከሺህ ሰው ጋር ይለዋል። ይህን ቅኔ አያስፈልገውም፤ ቅኔ የሚያስፈልገው በግልጽ መናገር ሲከለከል ነው። እነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከለከሉም።

ሁለተኛው ቃሉ ራሱ ነው። ክዋይቶ «ክዋይ» ከሚለው የአፍሪካንስ ቃል ነው የመጣው ይባላል። ቁጡ፣ ኃይለኛ ማለት ነው፣ በሰፈር ቋንቋ ግን አሪፍ ሆነ። የኛ ልጆች «ቀውጢ» እንደሚሉት፤ ጭንቅ የነበረው ቃል ድግስ ሆኖ ቀረ። አሁን አስተውል፦ ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ደማቸው የፈሰሰው በአፍሪካንስ አንማርም ብለው ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ የነዚያ ልጆች ታናናሾች የዚያን ቋንቋ ቃል ወስደው፣ ከዙሉና ከሶቶ ጋር ቀላቅለው፣ እንደፈለጉ አጣመው የሙዚቃቸው ስም አደረጉት። አስተማሪ ሲያስገድድህ መናገርና ራስህ ወስደህ መቀለጃ ማድረግ አንድ አይደለም።

ብሔራዊ መዝሙሩንም ነክተውታል። «ንኮሲ ሲኬሌሊ አፍሪካ» በ1897 ኢኖክ ሶንቶንጋ የጻፈው የጸሎት ዜማ ነው። ሰው ቆሞ፣ ቡጢውን አንሥቶ፣ እያለቀሰ የዘመረው ነው። በ1998 ቡም ሻካ የሚባሉት ዘፋኞች በክዋይቶ ምት ሠሩት። አገር ተናወጠ፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎች እንደ ስድብ ቆጠሩት። አንተ የምትለው መከፋት ይኸውልህ፣ አልክድህም። ግን በቤተ ክርስቲያንና በቀብር ብቻ የሚዘመር መዝሙር የሚጨፈርበት ቀን እንዲመጣ አልነበር ወይ ያ ሁሉ ሰው የሞተው?

ሰብለ_ከደርባን
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡20

ወንዶች ብቻ ስታወሩ ብዙ ነገር አለፋችሁ።

ሰምና ወርቅ፣ «ስለ ሴት ዳሌ» ያልከው እውነት ነው፣ ያ ነገር ያመኛልም። ግን መድረኩ ላይ ሴቶቹም ነበሩ። የቡም ሻካዋ ሌቦ ማቶሳ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ወጥታ እንደፈለገች ለብሳ እንደፈለገች ስትጨፍር፣ ስንት ሰው ነው የረገማት! ስንት ልጃገረድ ደግሞ ጸጉሯን እንደሷ ቢጫ አደረገች። ብሬንዳ ፋሲ በ2004 ኮማ ውስጥ ሆና ማንዴላም ታቦ ምቤኪም ሆስፒታል ሄደው ጠይቀዋታል። ባዶ ዘፈን የዘፈነች ሴት ፕሬዚዳንት አይጠይቃትም።

አሁን ስለ ደርባን። እኔ ክዋማሹ ነው የምዞረው፣ ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ በዱቤ ቤት ለቤት እሸጣለሁ። ክዋማሹ ማለት «የማርሻል ቦታ» ማለት ነው፣ በስኳር እርሻ ባለቤቱ በማርሻል ካምፕቤል ስም። ሰዎቹን እዚያ ያመጧቸው ከካቶ ማኖር አስገድደው አንሥተው ነው፣ በ50ዎቹ መጨረሻ። ካቶ ማኖር ለከተማው ቅርብ ነበር፣ ሰው በእግሩ ሥራ ይደርስ ነበር።

ካቶ ማኖር የሆነውን ስሰማ ግን ያለቀስኩት በሌላ ነው። እዚያ ሴቶቹ የማሽላ ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የራሱ ጠላ ቤቶች ነበሩት፣ ጠላውን ብቻውን ሊሸጥ ፈልጎ የሴቶቹን ጠላ ፖሊስ እየሰበረ ይደፋባቸዋል። ወንዶቹ ደመወዛቸውን ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ጠጥተው ይገባሉ፤ በዚያ ገንዘብ ነው ከተማው ጥቁሮቹን የሚቆጣጠርበትን መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው። በ1959 ሴቶቹ ዱላ ይዘው ጠላ ቤቶቹን ወረሩ፣ የሚጠጡትን ወንዶች እየደበደቡ አስወጡ። ሆሳዕና እናቴ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ስለዚህ ስለ መጠጥ ቤት ሙዚቃ ስናወራ፣ ማን ጠመቀ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ከለከለ የሚለው አብሮ ይምጣ።

ግቆም የሚባለው የደርባን የጭፈራ ሙዚቃ የተወለደው እነዚያ የተባረሩ ሰዎች በሰፈሩባቸው ቦታዎች ነው፤ ክዋማሹ፣ ኡምላዚ፣ ክሌርሞንት። ስሙን ለመጥራት ምላስን ከላንቃ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ድንጋይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። እንደ ሐውስ እኩል እኩል አይመታም፣ ይሰበራል፣ ይጨልማል። ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ ፍሩቲ ሉፕስ በሚባል ፕሮግራም ይሠሩታል፣ በዋትስአፕ ይላላኩታል። ሬዲዮ ሳይቀበለው ታክሲዎቹ ተቀበሉት። ታክሲው ለምን ኖረ ብትሉ፣ አፓርታይድ ሰውን ከሥራው አርቆ ስላሰፈረው ነው። ከክዋማሹ ከተማ ለመግባት በየቀኑ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ግድ ነው። ጠዋት ወረፋ ላይ ስቆም ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ቀድሞ የመጣውን ታክሲ አሳልፈው ድምፁ የሚያምረውን ሲጠብቁ አያለሁ። ሾፌሩ ያውቀዋል፣ አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ስፒከሩ ጀርባዬን እየመታኝ ሒሳብ ወደ ፊት ለፊት እናቀብላለን። የክሌርሞንቱ ዲጄ ላግ ከዚያ ተነሥቶ ነው በ2019 ቢዮንሴ አልበም ላይ የሠራው።

ሰምና_ወርቅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡15

ሰብለ እህቴ፣ የጠላውን ነገር አላውቅም ነበር። ጋሼ፣ ለጥያቄዎ መልስ የለኝም፤ ያን ካሴት እኔም ሌሊት ስነዳ እሰማዋለሁ፣ ቃል የለውም ብዬ አስቤም አላውቅ።

ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅ ብቀር ራሴን እንደዋሸሁ ይሰማኛል። በ2008 ጆሃንስበርግ ውስጥ ካለችው አሌክሳንድራ ተነሥቶ 62 ሰው የሞተበት፣ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተነሣው ጥቃት፣ ከዚያም በ2015፣ ከዚያም ወዲህ። የኛ ልጆች ሱቅ የተዘረፈው፣ በእሳት የተያያዘው እነዚያው መንገዶች ላይ ነው። ሌሊቱን ያስመለሰው ወጣት ሌሊቱን በኛ ላይ አዞረው። የፍርግርጉ ልጅ፣ አንተ እዚያ ነህ። ይህን እንዴት ታስታርቀዋለህ?

የፍርግርጉ_ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

አላስታርቀውም። የሆነውን ልንገርህ።

የኔም ሱቅ ተሰብሯል። ፍሪጁን ሳይቀር ወስደውታል። እኔ ጎጎ ቤት ነበርኩ፣ መጋረጃ ዘግተው መኝታ ቤታቸው አስገብተውኛል። ውጭ አንድ መኪና በሩን ከፍቶ አማፒያኖ ያሰማል፣ ሰዎቹ በዚያ ምት ዱቄቴን ይጭናሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይታሰር ነበር። ሙዚቃው ሰውን ጻድቅ ያደርጋል አላልኩም። ሥራ ሳያገኝ ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጅ መንገዱን አግኝቷል፣ መንገዱ ላይ የሚበላው ግን የለውም፤ ንዴቱንም የሚያወጣው ቅርቡ ባገኘው ሰው ላይ ነው። ይህ ምክንያቱ ነው፤ ይቅርታ ማድረጊያ አድርጌ አልጽፈውም።

ሱቁን እንደገና የከፈትኩት ከኮሮና ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በግንቦት 2020 ሰዓት እላፊ መጣ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት። ወታደር በሎኬሽኑ ይዞራል። ጎጎ ፍርግርጉ ጋ ቆመው ረጅም ጊዜ መንገዱን አዩና «የወረቀቱ ዘመን ተመለሰ» አሉኝ። የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ጠፋ፣ ሳንቲሞቼ ባንኮኒው ላይ ተኝተው አደሩ። አማፒያኖ ግን ያን ጊዜ ነው ከቤት ወደ ቤት በስልክ የበረረው፤ ዲጄዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ ሆነው በቀጥታ ያጫውታሉ፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ እየጨፈሩ ይቀዳሉ። ስሙን ማን አወጣው ሲባል ብዙ ሰው የሚጠራቸው ኤምኤፍአር ሶልስ የዚሁ የካትሌሆንግ ልጆች ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እኔም እችላለሁ አለ።

የጎጎ የልጅ ልጅ አንዱ ነው፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ። በተውሶ ላፕቶፕ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ጠዋት መጥቶ ምንም ሳይገዛ ስልኩን ወደ ፍርግርጉ አስጠግቶ በሳንቲም ብረቱን ይመታል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እኔ ብቅ እላለሁ፣ «ምን ልስጥህ?» እለዋለሁ። ዝም በል በሚል ምልክት ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል። ከሳምንት በኋላ በፍላሽ አምጥቶ ሱቄ ስፒከር ላይ ሰካው። ሎግ ድረሙ ይመጣል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ የሚንሿሿው መሣሪያ መምታት የነበረበትን ቦታ የኔ ፍርግርግ ይመታዋል። አንድ ቦታ ላይ የኔው ድምፅ አለ፣ በዙሉ «ምን ልስጥህ?» የሚለው፣ ከሩቅ። ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሴቶች ወረፋው ላይ እንዳሉ ትከሻቸውን መቱ። የተሰበረው ፍርግርግ ነው፤ አበየድኩት እንጂ አልቀየርኩትም፣ ከብየዳው በታች ሲመታ ድምፁ ይለያል። ልጁ ሁለቱንም ቀድቶታል።

ሰምና_ወርቅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡31

አንብቤዋለሁ። ዘፈኑን ላክልኝ።

ዲጄ_ናቲ_ሐዋሳ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡40

ለኔም። ስንት ምት ነው? ነገ ማታ ሥራ አለኝ፣ ሐዋሳ ላይ ላሰማው።

የፍርግርጉ_ልጅ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡58

112 ነው ይላል ልጁ። ከሱ ፈቃድ ጠይቄ እልካለሁ፣ የሱ ስለሆነ። መጠጥ ቤቱ ተከፍቷል፣ ፍርግርጉም እየተንኳኳ ነው፤ ደንበኛ ላስተናግድ።